የእትዬ ሚሊ ከረጢት

ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። እትዬ ሚሊ ይህን ያወቁት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ያውም ከሶፋው ሳይነሡ። ምራታቸው በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቫኪዩም ክሊነሩን ወዲያ ትገፋለች፣ ወዲህ ትመልሳለች፤ እሷ ባለፈችበት ላይ ግን አንዲት ነጭ ክር ተጋድማለች። ሦስት ጊዜ ተመላለሰችባት። ክሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ምን ነካው ዛሬ?» አለች ምራታቸው።

እትዬ ሚሊ ጆሯቸውን አቆሙ። አርባ ዓመት ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪና ጋር የኖሩ ሰው ናቸውና መኪና ሲታመም መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፁ እንደሆነ ያውቃሉ። ዘይት ሲያጥረው ይንቋቋል፤ መርፌው ሲጎብጥ ጠቅ ጠቅ ይላል። ይሄኛው ደግሞ ድምፁ ቀጥኗል። ሰኞ ዕለት ወፈር አድርጎ ያጉረመርም የነበረው፣ ዛሬ አፍንጫውን እንደያዙት ልጅ በቀጭኑ ይጮኻል። ለምን? ይህቺ «ለምን» የምትባል ነገር የእትዬ ሚሊ አመል ናት፤ አንዴ ከገባችባቸው አትወጣም።

«እትዬ ሚሊ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ቀሚስ ሰፍተው ሲያለብሱ፣ ደንበኛዋ መስታወት ፊት እየተሽከረከረች «አቤት ሲያምር!» ስትል፣ እሳቸው ከሥር ተንበርክከው ጫፉን እያዩ «አንድ ሚሊ ጎድሏል፤ አውልቂው» ይላሉ። አንዲት ሙሽራን ለሠርጓ ሁለት ሰዓት ሲቀራት አስወልቀዋት እናትየዋ ልትደባደባቸው ምንም አልቀራት። ቀሚሱ ግን ተስተካክሎ ነው የሄደው።

ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ሱቁን ዘጉ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ልጃቸው «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኛ ጋ ኑሪ» ብሎ ይዟቸው መጣ። መምጣቱን መጡ፤ ልባቸው ግን አላመነም። የድሮ ክፍላቸውን አልለቀቁም። ለአከራይዋ፣ ለረጅም ጊዜ ወዳጃቸው፣ «አንድ ወር ታገሺኝ፤ ከለመድኩ እለቃለሁ፣ ካልለመድኩ እመለሳለሁ» ብለዋታል። ወሩ የሚያልቀው ቅዳሜ ነው። ክፍሉን የሚፈልግ ሰው ስላለ አከራይዋ ቅዳሜ ጠዋት ቁርጥ ያለ መልስ ትፈልጋለች።

ታዲያ ኑሮው ከፍቷቸው ነው? ኧረ ወዲያ! ችግሩ ደግነቱ መብዛቱ ነው እንጂ። ብርጭቆ ሊያነሡ ብድግ ሲሉ «እማማ፣ በሞቴ ይቀመጡ!» ሽንኩርት ልላጥ ሲሉ «ኧረ ይረፉ!» እንግዳ ለመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ለሁለተኛው ብር፣ ለሦስተኛው ብረት ነው ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። እሳቸው ግን ሃያ ሰባተኛ ቀናቸው ነው፤ ዛሬም ወርቅ ናቸው። እንደ ወርቅም ተቀምጠው መዋል ነው። የደከመው ዓይናቸው ነው እንጂ እጃቸው መቼ ደከመ?

አንድ ሥራ ያገኙት ባለፈው እሑድ ብቻ ነው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ አቧራውን የሚያጠራቅመው የወረቀት ከረጢት ተቀደደ። የሰፈሩ ሱቆች ሁሉ «አልቋል» አሉ። «ታዲያ እኔ ልስፋላችኋ!» አሉ እትዬ ሚሊ። ምራታቸው ነርስ ናት፣ ተረኛ ስለነበረች እሷ የለችም፤ ልጃቸው ኳስ እያየ ነው። ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው ልብስ መሐል ኪሱ የተቀደደ ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት አወጡና «ይሄ ያረጀ ነው አይደል? ልቁረጠው?» ብለው ጠየቁት።

«ቁረጪው፣ ቁረጪው» አለ ልጅየው፤ ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም።

ቆረጡት። ከአልጋ ሥር የእጅ ስፌት መኪናቸውን ጎትተው፣ ጠርዙን አጥፈው በድርብ ስፌት ሰፉት፤ የአሮጌውን ከረጢት የካርቶን አንገት ገጠሙለት፤ ሲሞላ እንዲራገፍ ከታች ዚፕ አደረጉለት። ማታ ምራታቸው ስትገባ ከረጢቱን ሰጧት። አገላብጣ አየችው፤ ሰማያዊውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ «እማማ፣ ይሄማ ግሩም ነው! እጅዎ ይባረክ!» አለቻቸው። እትዬ ሚሊ ደስ ብሏቸው አደሩ።

ሰኞ ማሽኑ እንደ ነገሩም ቢሆን ሳበ። ማክሰኞ ክዳኑን ከፍተው ሥራቸውን ሲመረምሩ በስፌቱ መስመር ላይ ቀጭን አቧራ አዩ፤ በመርፌው ቀዳዳ ያመለጠ። አንድ ሚሊ የማይምሩት ሴትዮ ይህን ሊምሩ ነው? ሻማ በድስት አቀለጡና ስፌቱን ዙሪያውን ለቀለቁት። ዚፑንም አልማሩትም።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ነው ማሽኑ የጮኸው። ምራታቸው አጠፋችው፣ ክዳኑን ከፈተች፣ ከረጢቱን በጣቷ ነካ አደረገችና ቶሎ ዘጋችው።

«ቱቦው ነው፤ ሳይደፈን አይቀርም» አለች ቀና ሳትል።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ገባ። እሱም ክዳኑን ከፍቶ ዘጋና «አይ፣ ሞተሩ አርጅቷል» አለ።

አንድ በሽተኛ፣ ሁለት ሐኪም፣ ሁለት በሽታ! ያረጀ ሞተር ድምፁ ይደክማል እንጂ እንዲህ ይጮኻል? የዚያን ቀን ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ዝናብ አበስብሷት ነበር። «ጃንጥላ ረስቼ ነው» ብላ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ሐሙስ ቤቱ ባዶ ሆነ። ልጃቸው ወደ አውቶቡሱ፣ ምራታቸው ወደ ሆስፒታሏ ሄዱ። እትዬ ሚሊ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁና መነጽራቸውን ሰክተው፣ መቀሳቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ ዘርፈጥ አሉ።

«እስቲ ና፣ የኔ ጌታ» አሉት ማሽኑን። «ምንህን ነው ያመመህ?»

የተበላሸ ቀሚስ ሲመጣላቸው ከእግር ጀምረው ወደ አንገት ነው የሚመረምሩት። ከአንገት የጀመረ ልብስ ሰፊ ጌጥ ጌጡን ያይና ጥፋቱ ከጫፉ መሆኑን ይስታል ይላሉ። ማሽኑንም ከእግሩ ጀመሩት። ብሩሹን ገለበጡት። ወይ ጉድ! ፀጉርና ክር ተጠምጥሞበት ብሩሽ መሆኑም አይታወቅ። በመቀስ እየቆረጡ ሲያወጡት ቀይ ክር፣ ቢጫ ክር፣ ሰማያዊ ክር ወጣ። በዚህ ቤት ከእሳቸው በቀር ክር የሚጥል ማን አለ? «በላሁት አትልም፣ ሰውዬ!» ብለው ለብቻቸው ሳቁ። ብሩሹ ጸዳ። ማሽኑን አስነሡት። ያው ቀጭን ጩኸት፣ ያው ምንም አለመሳብ።

ቱቦውን ነቀሉት። ቀጥ አድርገው ወደ መስኮቱ አዞሩና በአንድ ዓይናቸው አዩበት፤ የጎረቤቱ የውኃ ታንከር ወለል ብሎ ታያቸው። ይህም አላጠገባቸውም። ከቁልፍ ቆርቆሯቸው ትልቁን የካፖርት ቁልፍ መርጠው ከላይ ጣሉት። ተንኳኳ፣ ተንከባለለ፣ ከታች ቱብ አለ። ቱቦው ምንም የለበትም። እንግዲህ የምራትየው ምርመራ ወደቀ።

ቱቦው የሚሰካበት የማሽኑ አፍ ላይ መዳፋቸውን አደረጉ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ወደ ውስጥ የምትሳበው ነፋስ ግን እምብዛም አትሰማም። ስለዚህ በሽታው ከሆዱ ነው። ክዳኑን ከፈቱ። ከኋላ ያለችውን ስፖንጅ ማጣሪያ አውጥተው ለብርሃን አሳዩአት፤ ነርስ የምትይዘው ነገር ምን ይገኝበታል፣ ታጥባ ደርቃለች። መለሷት። የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ሚሊ እሱን ላለማየት ትንሽ ዞር ዞር አሉ። የራስን ስፌት መጠርጠር ደስ አይልም።

ያለ ከረጢት ማሽኑን ማስነሣት ክልክል እንደሆነ፣ አቧራው ሞተሩ ውስጥ እንደሚገባ ልጃቸው ነግሯቸዋል። «ለአንድ አፍታ ነው፤ አይሞትም» አሉና ከረጢቱን አውጥተው፣ ክዳኑን ዘግተው ማብሪያውን ተጫኑት። ድምፁ ወፈረ! እጃቸውን ወደ አፉ ሲያስጠጉ የአንገት ልብሳቸው ጫፍ ሽው ብሎ ገባ። «ጉድ በል! ልቀቀኝ!» እያሉ በአንድ እጅ ሲጎትቱ፣ በሌላው ማጥፊያውን ሲፈልጉ ትንሽ ተናነቁ። ካጠፉት በኋላም ልባቸው ድው ድው ይላል፤ ግን እየሳቁ ነው።

ያለ ከረጢት ይስባል። በከረጢት አይስብም። ለምን?

ከረጢቱን በመስኮት አራገፉት። ጨርቁን በውጭ በኩል ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው፣ ከጀርባው መዳፋቸውን ደግነው በኃይል ነፉ። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ መዳፋቸው ላይ ግን ምንም አልደረሰም። የሽርጣቸውን ጥጥ ጨርቅ አነሡና ነፉ፤ ትንፋሻቸው ሞቅ ብሎ እጃቸውን ነካው። እንደገና ካፖርቱን ነፉ። ምንም። እንደገና ሽርጡን። ሙቀት።

«አሃ!» አሉ እትዬ ሚሊ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ጭናቸውን መታ አድርገው።

ለካ ማሽኑ የሚስበው አቧራ አይደለም፤ ነፋስ ነው! አቧራው ነፋሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ከረጢቱ ደግሞ ሥራው አቧራውን አስቀርቶ ነፋሱን መልቀቅ ነው። እሳቸው ሁለቱንም ቆለፉባቸው። የገባው መውጫ ሲያጣ ሌላው በየት በኩል ይግባ? ሰኞ ምስኪኑ በመርፌ ቀዳዳዎቹ እየተነፈሰ ትንሽ ሳበ፤ ማክሰኞ እነሱንም በሻማ ደፈኑበት። በዕድሜያቸው ዝናብ የማያስገባ፣ ብርድ የማያስገባ ሲሰፉ ኖረው፣ ትንፋሽ የሚያወጣ መስፋትም ሙያ መሆኑን ያወቁት ዛሬ ነው። እንዴት ደስ አላቸው! የሚነግሩት ሰው ቢያገኙ ኖሮ ደረጃውን በሩጫ ይወርዱ ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ረቡዕ ጠዋት ምራታቸው ክዳኑን ከፍታ፣ ከረጢቱን ነክታ፣ ቶሎ መዝጋቷ ትዝ አላቸው። እሷም አውቃለች። ልጃቸውም አውቋል። አውቀው ነው አንዷ ቱቦ፣ አንዱ ሞተር ያሉት። ጥፋትን የሚደብቁለት ለማን ነው? ለእንግዳ አይደለም እንዴ?

የሆነው ሆኖ ራት ላይ ሊናገሩ ቆረጡ። «ስለዚያ ከረጢት…» ብለው ሲጀምሩ ልጃቸው ከአፋቸው ነጠቃቸው። «ከረጢቱማ አንደኛ ነው፣ እማዬ! አንቺ የሰፋሽው ምን ይወጣለታል?» ምራታቸውም እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ እየጠቀለለች «ሲበዛ ጥሩ ነው» አለች። እትዬ ሚሊ ጉርሻቸውን ዋጡ።

ዓርብ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ማሽኑ በወፍራም ድምፁ ያጉረመርማል፣ ምንጣፉም ጸድቷል። «ይኸው እማማ፣ ቱቦውን ጠረግሁለትና ተሻለው! ከረጢትዎም አልተነካም» አለች ምራታቸው ፈገግ ብላ። እሷ ወደ ሥራ ስትወጣ እትዬ ሚሊ ክዳኑን ከፈቱ። አዲስ የወረቀት ከረጢት፤ ከሌላ ሰፈር ሳይገዙት አልቀሩም። ሰማያዊው የለም።

አልተናደዱም ማለት አይቻልም። ደማቸው ፈላ። ስፌታቸው ስለተነቀለ አይደለም፤ ስንቱን ስፌት ራሳቸው ተርትረዋል። እንደ ሕፃን ልጅ ሲያባብሏቸው ነው ያቃጠላቸው። ልብሳቸውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ፤ የስፌት መኪናቸውንም በብርድ ልብስ ጠቀለሉ። ነገ አከራይዋ ስትደውል «ክፍሌን አልለቅም፤ መጣሁ» ሊሏት ወሰኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ምራታቸው ሻይ ይዛ ገባችና ሻንጣውን አየች።

«እማማ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ሻንጣ ነው።»

«ሻንጣ መሆኑንማ አየሁ። ወዴት ነው?»

«ወደ ክፍሌ ልመለስ ነው፣ ልጄ።»

«ምን አጎደልንብዎ?» ሻዩን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች።

«ምንም አላጎደላችሁም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማሽኑ አልስብ ያለው ለምን ነበር?»

«ነገርኩዎ እኮ፣ ቱቦው…»

«ቱቦውን አይቼበታለሁ። ቁልፍ ጥዬበታለሁ። ብሩሹን ጠርጌያለሁ፣ ማጣሪያውን አውጥቻለሁ። ያለ ከረጢቱ አስነሥቼው አንገቴን ሊነጥቀኝ ነበር! ጨርቁን ብነፋው ጉንጬ ሊፈነዳ ደረሰ። ጥፋቱ የኔ ከረጢት ነው። አንቺም ረቡዕ ጠዋት አውቀሻል። ለምን ዋሸሽኝ?»

«እንዳይከፋዎ ብዬ ነዋ!»

«እናትሽ ብትሆንስ? ለእናትሽም ቱቦው ነው ትያት ነበር?»

የምራታቸው ፊት ቀላ።

«እናቴ ብትሆንማ… እናቴ ብትሆንማ እጮኽባት ነበር!»

«በይ ጩኺብኛ!»

«ካፖርቴን ቆረጡት!» አለች ምራታቸው፤ ድምጿ ቤቱን ሞላው። «ያረጀ ካፖርት አልነበረም! ሁለት ጊዜ የለበስኩት ነበር! ኪሱ ብቻ ነው የተቀደደው። በር ጀርባ የሰቀልኩት ለእርስዎ ነው፣ እንዲሰፉልኝ! ዛሬ እሰጣቸዋለሁ፣ ነገ እሰጣቸዋለሁ እያልኩ፣ ሥራ አዘዘችኝ እንዳይሉ እየፈራሁ ስንት ቀን አደረ! እሑድ ማታ ስገባ ከረጢት ሆኖ ጠበቀኝ! ሳምንቱን ሙሉ ውሻ መስዬ ነው የምገባው፣ አላዩኝም?»

«እኔን!» እትዬ ሚሊ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እኔ አፈር ልሁን! ጃንጥላ ረስቼ ነው አላልሽም?»

«ምን ልበል ታዲያ? ደግሞ ድስቴ! ሻማ ያቀለጡበት ድስት እስከ ዛሬ አልለቀቀም! ደግሞ ሬዲዮዎ! ሌሊት ሠርቼ ገብቼ ጋደም ከማለቴ ዜና ይከፍቱብኛል። ዜናውን እኔ ምን ላድርገው?»

«ቆይ፣ ሬዲዮውም ነበረበት?»

«ነበረበት እንጂ! ወር ሙሉ!»

በዚህ መሐል ልጃቸው ጢሙን እየተላጨ ነበርና ግማሽ ፊቱን አረፋ እንደሞላው በበሩ ብቅ አለ። «ምን ተፈጠረ?» አለ።

«አንተ አይደለህ ቁረጪው ያልከኝ?» አሉ እናቱ።

«ቁረጪው ያልካቸው አንተ ነህ?» አለች ሚስቱ።

«እኔ… ኳስ እያየሁ…»

«ዞር በል!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ። በሩን ራሱ ዘግቶ ሄደ።

እትዬ ሚሊ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አፍረዋል፤ በደንብ ነው ያፈሩት። በዚያ ዝናብ፣ በእሳቸው እጅ! ግን ደረታቸው ውስጥ ሌላ ነገር ይሞቃል፤ ወር ሙሉ ያላገኙት። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ምራታቸው እንባውን ብቻ አየችና ደነገጠች።

«ይኸዋ! ለዚህ ነበር ያልነገርኩዎ! ከፋዎ?»

«አልከፋኝም። ቀጥዪ። ሌላስ ምን አለ?»

«ሌላ… ለጊዜው ትዝ አላለኝም» አለች ምራታቸው እያኮረፈች፤ አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ ኩሽና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ድስት ሲንኳኳ፣ እሷም ለራሷ ስታጉረመርም ተሰማ።

ስልኩ ጠራ። አከራይዋ ናት።

«እህሳ፣ ወሰንሽ? ሰውዬው እኮ ዕቃውን ጭኖ በር ላይ ቆሟል።»

«ስጪው። ክፍሉን ስጪው።»

«እውነት? ትላንት ማታ ስደውልልሽ ድምፅሽ ሌላ ነበር፤ ልትመጪ ነው ብዬ አልጋሽን ሁሉ አራግፌ ነበር። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«እማማ!» ስትል ተሰማ ምራታቸው ከኩሽና። «ይሄን ሻማ እኔ ነኝ የምፈገፍገው? ይምጡና ይፈግፍጉ እንጂ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አሉ እትዬ ሚሊ፤ በአንድ እጃቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ምራቴ ተቆጣችኝ» አሏት።